በአያትዎ ጎራዴ ላይ የማን ስም ተጽፏል?

በሮቤ ወይም በጎባ ካሉት የድሮ ቤቶች በአንዱ ተጋብዘው ከሆነ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዓይንዎ ግድግዳው ላይ መንከራተቱ አይቀርም። የልጆች የምረቃ ፎቶ፣ ጥቁርና ነጭ የሠርግ ፎቶ፣ ካባ የደረቡ አያት። አንዳንድ ቤት ደግሞ ከአያት ፎቶ ሥር አንድ ጎራዴ ተንጠልጥሎ ያገኛሉ። ጥንቁቆቹ በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል። ስለዚያ ጎራዴ ቢጠይቁ ታሪክ አያጡም። ማን እንደታጠቀው፣ በየትኛው ዘመቻ፣ ከማን እጅ እንደተቀበለው ይነገርዎታል። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም። ከአፎቱ ሲመዘዝ፣ እጀታው ሥር ብረቱ ላይ የምትታየው ትንሽ የፈረንጅ ጽሑፍ ምን ትላለች?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቀኑን ሙሉ የማወራው ስለ ብራንድ፣ ስለ ሎጎ፣ ስለ ማሸጊያ ስለሆነ አንድ ዕቃ ሳነሳ መጀመሪያ የምገለብጠው የሠሪውን ስም ፍለጋ ነው። ሲኒም ቢሆን፣ ጫማም ቢሆን። ጎራዴም ያው ሆነብኝ። ይህችን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ የቻለ ቤተሰብ ስለ አያቱ ያላወቀውን ነገር ሊያውቅ ይችላል። ማንበብ ያልቻለ ደግሞ ለሠርግ ያምር ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያጠፋታል።

ከዞሊንገን እስከ ጎባ

ጎራዴ ስንል ከጫፍ እስከ እጀታው በአገራችን ቀጥቃጭ የተሠራ ነው ብለን የምናስብ ብዙ ነን። በእርግጥ እንደዚያ የተሠሩም አሉ። ነገር ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ መኳንንቱና መኮንኖቹ ከታጠቁት ጎራዴ ውስጥ ብረቱ ከአውሮፓ የመጣው ቀላል አይደለም። በተለይ ከአንዲት የጀርመን ከተማ። ስሟ ዞሊንገን ነው።

ዞሊንገን በምዕራብ ጀርመን በቩፐር ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሥራዋ አንድ ነው፤ ስለት ያለው ነገር ሁሉ። ሰይፍ፣ ቢላ፣ መቀስ፣ ምላጭ። ዛሬ ወጥ ቤትዎ ውስጥ ያለውን ጥሩ መቀስ ወይም የጥፍር መቁረጫ ገልብጠው ቢያዩ የከተማዋ ስም ሊያጋጥምዎ ይችላል። በጀርመን ይህን ስም መጠቀም የሚችለው ዕቃውን እዚያው አካባቢ የሠራ ብቻ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1938 ሕግ ወጥቶለታል። የከተማ ስም ራሱን የቻለ ብራንድ ሆነ ማለት ነው። እኛ በይርጋጨፌና በሲዳማ ቡና ስም የተከራከርንበትን ጉዳይ እነሱ በቢላ ጨርሰውታል።

ዕቃው ወደ እኛ የመጣበት መንገድ የታወቀ ነው። ከአውሮፓ በመርከብ ወደ ቀይ ባሕርና ኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች፣ ከወደብ በግመልና በበቅሎ ወደ መሐል አገር። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ መንገዱ አጠረ። አዲስ አበባ ላይ የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድና የፈረንሳይ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው ጨርቅ፣ ጥይት፣ መጠጥና የቤት ዕቃ ይሸጡ ነበር። ከዚያ ወደ ባሌ ያለው ግን ያው የበቅሎ ጉዞ ነው። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለነበረች ገዥው፣ የገዥው ሹማምንትና ወታደሩ የሚሰባሰቡት እዚያ ነበር። ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ብትሆንም፣ አሮጌ ጎራዴ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጎባን ቢያስብ አይፈረድበትም።

ተኩላ፣ የንጉሥ ራስ፣ ሽኮኮ

የአውሮፓ ሰይፍ ሠሪዎች ብረታቸው ላይ ስም መጻፍ የጀመሩት በቅርቡ አይደለም። ከ9ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ኡልፍበርት የሚል ስም ከመስቀል ምልክት ጋር የተቀበረባቸው ሰይፎች በአውሮፓ ተሠርተዋል። እስከ ዛሬ ወደ 170 የሚሆኑ ተገኝተዋል። ሁለት መቶ ዓመት የኖረ ሰው ስለሌለ ስሙ የአንድ ግለሰብ ብቻ ሊሆን አይችልም። ስሙ የጥራት ምልክት ሆኖ ቀጥሏል፤ የሚገርመው ደግሞ ፊደሉ የተዛባ፣ ብረቱም ደካማ የሆነ አስመስሎ የተሠራም አለበት። የሐሰት ብራንድ ትናንት በመርካቶ የተጀመረ የሚመስለው ሰው ካለ ከሺህ ዓመት በላይ ወደኋላ ይቁጠር።

ሌላው የታወቀ ምልክት የሚሮጥ ተኩላ ነው። መጀመሪያ የፓሳው ከተማ ሠሪዎች ምልክት ነበር። ብረቱን በጥቂት ጭረት ፈልፍለው ናስ ይሞሉበታል። ተኩላው ያለበት ሰይፍ ባለቤቱን ከጉዳት ይጠብቃል የሚል እምነት ስላደረበት ገበያው ደራ። የዞሊንገን ሰዎች ወሰዱት። ከዚያ የካውካሰስ ተራራ ቀጥቃጮች እነሱም በተራቸው ቀዱት። ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ካስካራ የሚባለው ቀጥ ያለ ሰይፍ ላይም ከአውሮፓ የመጣ የጨረቃ ምልክት ያያሉ፤ የአገሬው ቀጥቃጮች ራሳቸው በሠሩት ብረት ላይ ጭምር ይመቱታል። በስኮትላንድ ደግሞ አንድሬያ ፌራራ የሚል የጣሊያን ሠሪ ስም በልዩ ልዩ አጻጻፍ ይገኛል፤ አብዛኞቹ ግን የተሠሩት ዞሊንገን ነው። ስለዚህ ስም አየሁ ብለው ወዲያው አይመኑ። ስም የሚነግርዎ ሻጩ ገዢው ምን እንዲያምንለት እንደፈለገ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ጠጋ ስንል ምልክቶቹ የፋብሪካ ሆኑ። ለምሳሌ የቫይርስበርግ ቤተሰብ ምልክት ዘውድ የደፋ የንጉሥ ራስ ነበር፤ የኪርሽባውም ደግሞ የባላባት የራስ ቁር። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1883 ሲዋሐዱ ንጉሡና የራስ ቁሩ ጎን ለጎን ቆሙ። ሁለት ኩባንያ ሲዋሐድ ሎጎ ላይ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ደስ የሚል መፍትሔ ነው። አይክሆርን የተባለው ቤት ሽኮኮ ይጠቀማል፤ ስሙ በጀርመንኛ ከሽኮኮ ስም ጋር ስለሚመሳሰል።

የእንግሊዙ ዊልኪንሰንም አለ። አባቶቻችን በጢም ምላጩ ነው የሚያውቁት። ከምላጩ በፊት ግን ሰይፍ ሠሪ ነበር። የዊልኪንሰን መኮንን ሰይፍ እጀታው ሥር ትንሽ ክብ የናስ ቁራጭ ተቀብሮበታል፤ ብረቱ ተፈትኖ ማለፉን የሚያሳይ ነው። በዙሪያው ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ተስሏል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ኮከቡን ያየ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የሰሎሞን ማኅተም ነው ቢል አይገርምም፤ ነገር ግን ያው ኮከብ ወደ ሕንድ በዘመተ የእንግሊዝ መኮንን ሰይፍ ላይም አለ። ከሰሎሞን ሥርወ መንግሥት ጋር አይያያዝም። በደንደሱ ላይ ተከታታይ ቁጥር ካለ ግን ትልቅ ነገር አግኝተዋል፤ የዊልኪንሰን የቁጥር መዝገብ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ያለ ስለሆነ ሰይፉ መቼ እንደተሠራ ከቁጥሩ ማወቅ ይቻላል።

ፈረንሳዮች ደግሞ ደንደሱ ላይ መጻፍ ይወዳሉ። ክሊንገንታል በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1730 ከዞሊንገን በመጡ ባለሙያዎች በተቋቋመው ፋብሪካ፣ በኋላም በሻቴልሮ የተሠሩ የወታደር ሰይፎች በደንደሳቸው ላይ የፋብሪካውን ስም፣ ወሩንና ዓመቱን በተቀጣጠለ የእጅ ጽሑፍ ይዘዋል። ቤትዎ ውስጥ ናስ ጫፍ ያለው ቀጥ ያለ ረጅም ሳንጃ ካለ ደንደሱን በባትሪ ይዩት። የውጅግራ ሳንጃ ሊሆን ይችላል። 1876 የሚል ቢያነቡ ያ የፈረንጅ ዓመት እንጂ የእኛ አይደለም፤ በእኛ 1868 ወይም 1869 ነው። በዚህች የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ምክንያት ስንት የቤተሰብ ታሪክ ተዛብቶ ይሆን?

ውጅግራን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ውጅግራ የሚለው ቃላችን የመጣው ከፈረንሳይኛው ፊውዚ ግራ ሲሆን፣ ግራ የሚባለው የፈረንሳይ መኮንን የሠራው ጠመንጃ ማለት ነው። ሰናድር ከስናይደር፣ አልቢን ከአልቢኒ፣ ምንሽር ከማንሊኸር። የጠመንጃ ሠሪዎቹ ስም በፉከራና በሽለላ ውስጥ ገብቶ አማርኛ ሆኖ ቀረ። የጎራዴ ሠሪዎቹ ግን አንዳቸውም አማርኛ አልሆኑም። ጎራዴው ጎራዴ ብቻ ተብሎ ቀረ፤ ስማቸው አፎት ውስጥ ተደብቆ። የማርኬቲንግ ሰው ቢጠይቁኝ፣ ሎጎው ሁልጊዜ በቆዳ ተሸፍኖ የሚሄድ ዕቃ ስሙ ባይታወቅ አይፈረድበትም እላለሁ።

አንበሳውን ማን ሣለው?

ለኢትዮጵያ ተብለው በታዘዙት ብረቶች ላይ ከሠሪው ስም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሌላ ነው። ዘውድ የደፋ፣ መስቀል ያለበት በትር የያዘ አንበሳ፤ በአጠገቡ በግዕዝ ፊደል «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ»። አንዳንዱ የንጉሠ ነገሥቱን ስም ይጨምራል። ይህ ሁሉ ሐረግና አበባ በሚመስል ጌጥ ታጅቦ በብረቱ ላይ ይወርዳል።

እንዴት ነው የሚሠራው? ብረቱ በሰም ወይም በቫርኒሽ ይቀባል። ስዕሉ ሰሙ ላይ በመርፌ ይጫራል። ከዚያ አሲድ ይፈስበታል፤ አሲዱ ሰም ያለበትን ትቶ የተጫረውን ብቻ ይበላል። ሲታጠብ ስዕሉ ብረቱ ላይ ይቀራል። በዚህ መንገድ የተሠራ ስዕል ጥልቀቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ጣትዎን ቢያሳልፉበት ገና ይሰማዎታል ወይም አይሰማዎትም። የፋብሪካው ማኅተም ግን በመዶሻ የተመታ ስለሆነ ጠለቅ ይላል። ለዚህ ነው በተደጋጋሚ የተፋቀ ጎራዴ ላይ አንበሳው ጠፍቶ የጀርመኑ ስም ብቻ የሚቀረው። ከዚያ የልጅ ልጅ ያነሳውና «ለካ የእኛ አልነበረም» ይላል።

አንበሳው አውሮፓ ውስጥ መሣሉ አንዳንዱን ያስከፋዋል። እኔን አያስከፋኝም። የዳግማዊ ምኒልክን ብር ያስቡ። 1887 ዓ.ም. የሚል የግዕዝ ቁጥር የያዘው ያ የተከበረ ብር የተመታው ፓሪስ ነው፤ ሥራውን የሠራውም ፈረንሳዊ ቀራጭ ነው። ብሩ ግን የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ያዘዘው፣ ስሙና ምስሉ የወጣበት፣ በአገሩ ያዘዋወረው ምኒልክ ነው። ጎራዴውም እንደዚያው ነው። ዞሊንገን ያለ ሠራተኛ በራሱ ተነሳስቶ የይሁዳን አንበሳ አይሥልም፤ ከኢትዮጵያ ወይም ለኢትዮጵያ ገበያ ያዘዘ ሰው አለ። ፊደሉን ጠጋ ብለው ይመልከቱ። አንዳንዴ የ«ዘ» እግር ይዛባል፣ ሁለት ፊደል ይጣበቃል። ፊደሉን የማያነብ እጅ እንደ ስዕል ሲቀዳው እንዲህ ይሆናል።

አያቶቻችን ደግሞ ምልክት አያዩም ነበር ብለው እንዳያስቡ። ማርትሬዛ ብር ሲቀበሉ የእቴጌይቱን ጌጥ ነጥቦች እየቆጠሩ፣ ጎደለ ካሉ አንቀበልም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። በነገራችን ላይ ማርትሬዛ ብር ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታም 1780 እንዳለ ነው። ዕቃ ላይ የተጻፈ ዓመት ዕቃው የተሠራበት ነው ማለት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ታሪክ

ከባሌ የሆነች አንዲት ወዳጄ ቤተሰብ ውስጥ የሆነውን ላጫውትዎ። ወንድሟ ሊያገባ ሠርጉ ሲቃረብ የቅድመ አያታቸው ጎራዴ ከሣጥን ወጣ። ለፎቶ ነው። ታናሽየው ብረቱ ላይ የላቲን ፊደል አየና «ይሄ የጣሊያን ነው፤ አድዋ ላይ የተማረከ ነው» አለ። ታላቅየው ከውጭ በቪዲዮ እያያቸው «ፈረንጅ ይገዛዋል፣ አሁኑኑ አትሽጡት፣ ዋጋ ላጣራ» አለ። እናታቸው ደግሞ ጎራዴው ከባሌው ገዥ እጅ የተሸለመ ነው ብለው ያደጉ ናቸው። ባሌ ውስጥ ገዥ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ነው፤ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች የተገደለው አርበኛ። እንዲህ ያለ ስም ከአንድ ዕቃ ጋር ሲያያዝ ዕቃው ዕቃ መሆኑ ይቀራል።

ወዳጄ የብረቱን ፎቶ ላከችልኝ። በአንድ በኩል እጀታው ሥር ዞሊንገን የሚል ምት። በሌላው በኩል ፈዘዝ ያለ አንበሳና የግዕዝ ፊደል። የዞሊንገን ስም ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምንም ማለት አይቻልም ነበር፤ ዞሊንገን ለዓለም ሁሉ ሸጧል። የጣሊያን መኮንን ሰይፍ ቢሆን ግን የሚጠበቀው የሳቮይ ቤት መስቀል ያለበት ጋሻ፣ ወይም የጣሊያን ንጉሥ ስም መነሻ ፊደላት ነው። የይሁዳ አንበሳና ግዕዝ ያለበት ብረት ለኢትዮጵያዊ እጅ የተሠራ ነው። ስለዚህ ከጣሊያን አልተማረከም።

ይህን ስነግራቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እናትየው ዝም አሉ። ከቆይታ በኋላ፣ «እንግዲህ ካልተማረከ፣ ሽልማትም መሆኑን ብረቱ አይናገር፤ አባባ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶት ሊሆን ነዋ» አሉ። ልጃቸው «ታዲያ ቢገዛውስ እማዬ?» ስትላቸው፣ «ምን ሸጦ?» አሉ። ያ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጥ መሰለኝ። እህል ሸጦ? ፈረስ? ወይስ ከርስቱ? ምልክቱ የሚነግረን ብረቱ ከየት እንደመጣና ለማን ገበያ እንደተሠራ ነው። ሽልማት ወይም ግዢ መሆኑን የሚነግረን የቤተሰብ ማስታወሻ እንጂ ብረት አይደለም። ሽልማቱ ውሸት ነው ማለትም አይቻልም፤ ገዥዎች ሲሸልሙም የገዙትን ነው የሚሸልሙት።

ሠርጉ ላይ ሙሽራው ጎራዴውን ታጠቀው። በቀኝ በኩል። አባቶች ጎራዴ የሚታጠቁት በቀኝ ጎናቸው ስለነበር አንድ ሽማግሌ ናቸው ከግራ አውልቀው ያዞሩለት።

በባሌ ላይ ይህን ስጽፍ አንድ ነገር አልፌ መሄድ አልችልም። ጎራዴ በሁሉም ቤት አንድ ትርጉም የለውም። የምኒልክ ሠራዊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባሌ ሲገባ፣ ጎራዴ የታጠቀው ሹም ለአንዱ ቤተሰብ አያት ነው፤ ለሌላው ግብር የሚያስከፍል፣ መሬት የሚወስድ ሰው ነው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በዋቆ ጉቱና በሌሎች መሪነት የተካሄደው የባሌ ገበሬዎች አመፅ ከዚህ ቂም ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ በሮቤ ሁለቱ ቤተሰቦች ጎረቤት ናቸው፤ ልጆቻቸው ይጋባሉ። በአንዱ ሳሎን የተሰቀለው ጎራዴ ለአማቱ ምን እንደሚያስታውሰው መጠየቅ ነውር አይደለም። እንዲያውም የተሟላ ታሪክ የሚገኘው እንዲህ ሲጠየቅ ነው።

ስማቸው ያልተጻፈው

አውሮፓዊው ሠሪ ስሙን የጻፈው ስለሚኮራበትና ስለሚያተርፍበት ነው። ጎራዴውን ጎራዴ ያደረጉት የእኛ ሰዎች ግን ስማቸው የትም የለም። ብረቱ ባዶውን ሲመጣ እጀታውን ከአውራሪስ ወይም ከጎሽ ቀንድ የቀረጸ አለ። አፎቱን ከቀይ ቆዳ የሰፋ ፋቂ፣ የመኳንንት ከሆነም በከፋይ ያለበሰ አለ። ጫፉን በብር ወይም በወርቅ ቅብ ያስጌጠ አንጥረኛ አለ። ብረት ቀጥቃጭና ቆዳ ፋቂ በአገራችን በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ ሲናቅ፣ ቡዳ ሲባል፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ሲከለከል የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስሙን ዕቃ ላይ ይጻፍ? ማንስ ያስጽፈዋል? ዞሊንገን ውስጥ ግን ሰይፍ ሠሪ በማኅበር የተደራጀ፣ ምልክቱን ያስመዘገበ፣ ምልክቱን ለልጁ የሚያወርስ ሰው ነበር። የአንዱ ስም በብረት ላይ መኖሩና የሌላው አለመኖሩ ከጥበባቸው ልክ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ጎራዴውን ሲያዩ ብረቱ ላይ ብቻ አይቅሩ። የአፎቱን ስፌት፣ የእጀታውን ምስማር፣ የጫፉን ጌጥ ያስተውሉ፤ አንድ አካባቢ የለመደው የስፌት ዓይነት አንዳንዴ ከፊደል ይበልጥ ይናገራል።

ሣጥኑን ሲከፍቱ

አሁን ተነስተው ሣጥኑን ሊከፍቱ ከሆነ፣ መጀመሪያ ልጆቹን ያርቁ። አሮጌ ቢሆንም ስለት ስለት ነው። አፎቱን ከጎን ሳይሆን ከላይ ይያዙ፤ ያረጀ ቆዳ ስፌቱ ሊለቅና ስለቱ በጎን ሊወጣ ይችላል። በግድ አይምዘዙት። ካልወጣ ይተዉት፤ ዝገቱ ቆዳውን ይዞት ይሆናል።

ከወጣ በኋላ የሚያስፈልግዎ ጨለማ ክፍልና የስልክዎ መብራት ነው። መብራቱን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩ። በቀን የማይታይ አንበሳ በጥላው ይወጣል። ሁለቱን ጎን፣ ደንደሱን፣ እጀታው ሥር ያለችውን ሦስትና አራት ጣት የምታህል ቦታ ፎቶ ያንሱ። ፎቶው ካልወጣ ስስ ወረቀት አስቀምጠው በለስላሳ እርሳስ በዝግታ ይሻሹበት፤ ልጆች ሳንቲም እንደሚያወጡት። የአገር ስም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ካገኙ፣ ለምሳሌ በጀርመን የተሠራ የሚል፣ ብረቱ ብዙውን ጊዜ ከእ.ኤ.አ. 1887 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት እንግሊዝ የውጭ ዕቃ የአገሩን ስም ይያዝ የሚል ሕግ አወጣች፤ ምክንያቱ ደግሞ ዞሊንገን ቢላ ላይ የሼፊልድ ስም እየተመታ መሸጡ ነበር። ታዋቂው የጀርመን ጥራት ምልክት መጀመሪያ የተጻፈው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው።

ማጽዳትን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ አይፈግፍጉት። አመድና ሎሚ፣ የብረት ሽቦ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የብረት ማጽጃ ክሬም ሁሉ አንበሳውን ይበሉታል። ደረቅ ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ በቂ ነው። ጣት ያለበትን ቦታ ይጥረጉ፤ ላብ ጨው አለው፣ የጣት አሻራ ብረት ላይ ዝገት ሆኖ ይቀራል። የባሌ ደጋ ብርድና ጉም ደግሞ ለብረት ጠላት ነው። ቆዳ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ብረቱን አፎቱ ውስጥ ዓመት ሙሉ ከመተው ለየብቻ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ስለቱን ማሳል? በጭራሽ።

ከዚያ የሚያውቁ ሰው ሳይሞቱ ስልክዎን አብርተው ይቅረጹ። ማን ታጠቀው፣ ከማን መጣ፣ መቼ ተሸፈነ፣ አፎቱን ማን ሰፋው። አዲስ አበባ ሲመጡ ደግሞ የአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ቤተ መዘክርንና ብሔራዊ ሙዚየምን ይጎብኙ፤ ፎቶዎን ይዘው ከሌሎች ጋር ማወዳደር ይጠቅማል።

ስለ መሸጥና ወደ ውጭ ስለመላክ ወንድምዎ ወይም እህትዎ ከውጭ ከደወሉ ይህን ይንገሯቸው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ በግል የተያዘ ቅርስም ይመዘገባል። በዞንዎ ያለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ የሚጠየቅ ነው። ሁለተኛው እንቅፋት እጀታው ነው። የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ይመለከተዋል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። የአያት ጎራዴ ነው ማለት በአውሮፓ አየር ማረፊያ ጉምሩክ ላይ አያድንም። የአውራሪስ ቀንድ ከጎሽ ቀንድ የሚለየው ጠጋ ብለው ሲያዩት ነው፤ የተቆረጠበት ጎን ላይ እንደ ፀጉር የተደረደሩ ቀጫጭን ጭረቶች ወይም ነጠብጣቦች ይታያሉ። የጎሽ ቀንድ ግን እንዲህ ያለ ነጠብጣብ የለውም። ለማረጋገጥ ብለው እንዳያቃጥሉት ወይም እንዳይቆርጡት፤ ፎቶ አንስቶ ባለሙያ ማሳየት ይበቃል።